ለለቅሶ የምንሰበሰበውን ያህል ለአስታማሚም እንሰብሰብ

ርዕሰ አንቀጽ

በዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የምናነሳው ስለ ራሽንም ሆነ ስለ ሪሴትልመንት ወሬ አይደለም። የምናነሳው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ተመልሰው በየብሎካችን፣ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለተኙት አዛውንት እናቶቻችንና አባቶቻችን ነው። ነገሩ ሲታይ የአንድ ቤተሰብ የግል ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው እንላለን። ለምን ቢባል በቅርቡ በዓይናችን ያየነው ነገር ስላለ ነው።

እዚሁ ካኩማ ውስጥ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል። አንድ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ በጨለማ ጀሪካን አደናቀፋቸውና ወደቁ፤ የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ሪፈር ተጽፎላቸው ከካምፑ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ሄዱ፤ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ኦፕራሲዮኑም ተሳካ። ሲመለሱ ግማሹ ብሎክ ወጥቶ በእልልታ ተቀበላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው ከሰው አልጸዳም። ሙዝ የያዘ፣ ስኳር የያዘ፣ ጁስ የያዘ ይመጣል፤ «እግዜር ይማርዎት» ይላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ይሄዳል። ቡናውን የምታፈላው ደግሞ ሌት ተቀን የምታስታምማቸው ያችው የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጠያቂው ቀረ። ልጅቱ ትምህርቷን ትታ ውሃ ትቀዳለች፣ ራሽን ትሰለፋለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች። አያቷን ብቻዋን ማገላበጥ ግን አቅሟ አይፈቅድም። እርሳቸውም ልጅቱ እንዳትደክም ብለው «ደህና ነኝ፣ ተይኝ ልተኛበት» ይሏታል። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ቆዳው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ ቆሰለ። ትኩሳት ሲይዛቸው ጎረቤት «ወባ ነው» አለ፤ ሁለት ቀን ታለፈ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ ጊዜው ረፍዶ ነበር። ከኦፕራሲዮን አልጋ በሕይወት የተነሱት እናት፣ ቤታቸው ተኝተው በያዛቸው የመኝታ ቁስል መርዝ አረፉ።

በማግስቱ ድንኳን ተጣለ። እድር ተጠራ። መዋጮው በግማሽ ቀን ሞላ። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶች በተራ አበሰሉ፤ ወንዶች በተራ አደሩ፤ ወጣቶች ማንም ሳያዛቸው ውሃ ቀዱ፤ እንጨት አመጡ። እኛም እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ ነው እርስ በርሳችን የተያየነው። ይህ ሁሉ ጉልበት፣ ይህ ሁሉ ተራ፣ ይህ ሁሉ ጀሪካን ውሃ ከሁለት ሳምንት በፊት የት ነበር?

ልጅቱን አንወቅስም፤ ከአቅሟ በላይ ሠርታለች። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ እናውቃለን፤ በዚህ ማንም አይበልጠንም። ለታመመ ግን ጠያቂ እንጂ አስታማሚ አይደለንም። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው፦ ጥየቃችንን ወደ ማስታመም እንለውጥ።

ሥራው ምን ያህል ነው?

አንዳንድ ሰው «ማስታመም ምን አለው? አጠገቡ መቀመጥ ነው» ይላል። እስቲ አብረን እንቁጠረው። ካኩማ ካምፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በወጣትነቱ የገባ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል፤ ስለዚህ የመውደቅና የመሰበር ነገር ወደፊትም እየበዛ እንጂ እያነሰ አይመጣም። ዳሌው ተሰብሮ የተጠገነ አዛውንት ደግሞ አጥንቱ እስኪገጥም ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚቆየው ከዚያ ሁሉ ጥቂት ቀን ነው። ቀሪው በሙሉ የቤት ሥራ ነው ማለት ነው።

አንደኛ፣ በራሱ መገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። ይህ በአንድ ቀንና ሌሊት አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ከወገብ በታች፣ ተረከዝና ዳሌ ላይ ቆዳው ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ ካልጠፋ የመኝታ ቁስል መጀመሩ ነው፤ በዚያ ጎን ከእንግዲህ አይተኛም። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ወይም ትራስ ይደረግ። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ላብና ሽንት ያረጠበው አንሶላ ወዲያው ይቀየር። ተጎትቶ ሳይሆን በሁለት ሰው በአንሶላ ተነስቶ ይገላበጥ፤ መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በሽተኛው መነሳት አለበት። ብዙ ቤተሰብ «አርፎ ይተኛ» ማለት ደግነት ይመስለዋል። አይደለም። ሐኪሙ ከፈቀደ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቆሞ መተንፈስ፣ በክራንች ወይም በዎከር ጥቂት እርምጃ መሄድ በቀን ብዙ ጊዜ መደረግ አለበት። አዛውንት ዝም ብሎ ሲተኛ ሳንባው ውስጥ አክታ ይጠራቀማል፤ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ተኝቶም ቢሆን በየሰዓቱ ጥልቅ ትንፋሽ ይውሰድ፣ ይሳል፤ የእግሩን ቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ሲነሳ ግን የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ይኑር፤ ዳግመኛ ከወደቀ የተሠራው ሁሉ ይበላሻል።

ሦስተኛ፣ አቀማመጥ ነው። እኛ ሀበሾች በርጩማ እንወዳለን፤ ሽንት ቤታችንም ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። የዳሌው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ለተተካለት ሰው ግን ሁለቱም አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ እግሩን ካነባበረ ወይም መሬት ላይ የወደቀ ነገር ለማንሳት ካጎነበሰ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም። ማንኛውም የካምፕ አናጢ መካከሉ የተቦረቦረ፣ ከፍ ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ሊሠራ ይችላል፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል። አልጋው አጠገብ ካደረ በሽተኛው ሌሊት በጨለማ ወደ ውጭ አይወጣም። መንገዱ ላይ ያለ ጀሪካን፣ ገመድና የተጣጠፈ ምንጣፍም ይነሳ፤ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት እጁ በሚደርስበት ቦታ ይደር። ያቺን እናት የጣለቻቸው አንዲት ጀሪካን እንደነበረች አንርሳ።

አራተኛ፣ ቁስሉ ነው። ፋሻው በነፋስና በአቧራ እንዳይቆሽሽ፣ በውሃም እንዳይርስ ይጠበቅ። ቁስሉን የሚነካ ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። አመድ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቅጠል፣ የጥርስ ሳሙና፣ የአንቲባዮቲክ ዱቄት፤ አንዳቸውም አይደረጉበት። ክሩ ወይም ሽቦው የሚወጣበት ቀን ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና ቀጠሮው አይታለፍ።

አምስተኛ፣ ምግብና ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ የሁላችንም ሞሰብ እንደሳሳ ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ ቁስልና አጥንት የሚጠገኑት በምግብ ነው፤ በተለይ ሥጋ በሚገነባ ምግብ። ይህ ማለት የግድ ሥጋ ማለት አይደለም። አተር ክክ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ከቱርካና ሐይቅ የሚመጣው የደረቀ ዓሣ፤ ከእነዚህ የተገኘው በየቀኑ ይግባ። ዓሣው ጨው ከበዛበት በውሃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ። ሽማግሌ ባንድ ጊዜ ብዙ አይበላም፤ ትንሽ ትንሽ አምስት ስድስት ጊዜ ይሰጠው። በካኩማ ሙቀት ውሃው እጅግ ይለያል። ብዙ እናቶች ሽንት ቤት መሄድ ስለሚቸግራቸው ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም፤ ይህንን ጠይቁ፣ ልብ በሉ። ሽንቱ የጠቆረ፣ አፉ የደረቀ በሽተኛ ውሃ አንሶታል። (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣ ሐኪሙን ይጠይቅ።)

ስድስተኛ፣ መድኃኒት ነው። የታዘዘው መድኃኒት ስሙ፣ ሰዓቱና መጠኑ በአማርኛ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ፈረቃ የያዘው ሰው ሲሰጥ ምልክት ያድርግ። ፓናዶልና ፓራሲታሞል አንድ መድኃኒት መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ «ያኛው አልሠራም» ብሎ ሁለቱንም መስጠት እጥፍ መስጠት ነው፤ ጉበትን ይጎዳል። ከሱቅ የሚገዙት ብሩፌንና ዳይክሎፌናክ የአዛውንትን ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳያዝ አይሰጡ። ትራማዶልና መሰሎቹ ያደርቃሉ፣ ያዞራሉም፤ ስለዚህ ከወሰደ በኋላ ብቻውን አይነሳ። ደም እንዳይረጋ የተሰጠ መርፌ ወይም ክኒን ካለ «ደህና ሆኗል» ተብሎ በመሐል አይቋረጥ። አንቲባዮቲክም እንደዚሁ፤ ተርፎም ለጎረቤት አይሰጥ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ይህ ሁሉ የአንዲት ልጅ ሥራ ነው?

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት ያለበት

ከዚህ በታች ካለው አንዱ እንኳ ከታየ «እስከ ነገ እንየው» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ተሸክሞ መሄድ ነው።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጠው፤ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከሸተተ፣ መግል ካወጣ ወይም ከተከፈተ፤ የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ፤ በድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ደም ካሳለው፤ የተሠራው እግር በድንገት ካጠረ፣ ከዞረ ወይም ከቶ መቆም ካቃተው፤ ሽንት ከከለከለው፤ የሚበላውን ሁሉ ካስመለሰው። በእኛ አገር ልማድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ኦፕራሲዮን ለተደረገ ሰው ግን ትኩሳት መጀመሪያ ቁስሉን፣ ሳንባውን፣ ሽንቱንና ጀርባውን የሚያስመረምር ነው። የወባ ምርመራውም እዚያው ሆስፒታል ይደረጋል።

አንድ ነገር ለብቻው እናንሳ፤ ብዙ ቤተሰብ ስለተሳሳተበት ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ አዛውንቶች በድንገት ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። ልጃቸውን አያውቁም፤ ሌሊት ይጮኻሉ፤ የሌለ ሰው ይታያቸዋል፤ ቀን ደግሞ ፈዘው ይተኛሉ። ጎረቤት ወዲያው «መንፈስ ነው» ወይም «ዕድሜ ነው፣ አብደዋል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከበስተጀርባው የሚታከም ምክንያት አለ፦ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የሽንት መዘጋት፣ የሆድ ድርቀት፣ ሕመም ወይም የመድኃኒት ጠንቅ። ምክንያቱ ሲታከም አእምሯቸው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ይወሰዱ፤ ጸሎቱም አይከለከልም። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይሁን፤ ቀን ብርሃን ይግባ፤ መነጽራቸው ይሰጣቸው፤ በስማቸው ተጠርተው ቀኑና ቦታው በእርጋታ ይነገራቸው። አይታሰሩ፤ አይቆጡ።

ከልማዳችን ጋር

ልማዳችንን ለመንቀፍ አይደለም የምንጽፈው። ወጌሻ ስንቱን በአገር ቤት ያዳነ ሰው ነው። ነገር ግን ውስጡ ብረት የገባበትን ዳሌ ማሸት አይቻልም፤ የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸትም ደሙን ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ይህ ሞት ነው። ጸበል የሚወስዱ ወገኖቻችንም ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ቁስሉ ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ።

ጾምን በሚመለከት አረጋውያን ወላጆቻችን ራሳቸው ናቸው የሚያስቸግሩን። «ዐቢይ ጾም ገብቶ እንዴት እንቁላል በአፌ?» ይላሉ። በኦርቶዶክስም በእስልምናም ለበሽተኛ ጾም እንደሚቀልለት የታወቀ ነው። ይህንን ግን ከልጅ አፍ ሲሰሙት አይቀበሉትም፤ ስለዚህ የንስሐ አባታቸው ወይም ሼኩ ቤት ድረስ መጥተው ይንገሯቸው። ስግደትም እንደዚሁ ነው፤ ዳሌው የተሠራ ሰው መሬት ላይ ከመውደቅ ይልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጸልይ፣ ይስገድ። የሃይማኖት አባቶቻችን በዚህ ረገድ አንድ ቃል ቢናገሩ ከመቶ ሐኪም ይበልጣል።

ሌላው ሐፍረት ነው። ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ያፍራል፤ እናትም ታፍራለች። ሴት ልጅም አባቷን እንደዚሁ። ስደት ቤተሰብን በትኖታልና ብዙ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የቀሩት አንዱ ሱዳን፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ አገር ቤት ነው። በሐፍረት ምክንያት ሳይታጠቡ የሚውሉ እናቶች አሉ። ይህንን የሚፈታው ጎረቤት ነው። አንዲት ጎረቤት በሁለት ቀን አንድ ጊዜ መጥታ እማማን ብታጥብ የእርሷ አንድ ሰዓት ነው፤ ለእርሳቸው ግን ክብራቸው ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆችም ብር ሲልኩ አስታማሚው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚተካው ይጠይቁ። ብር ፍራሽ ይገዛል፤ በሽተኛ ግን አያገላብጥም።

ምን እናድርግ?

በሌላ ብሎክ ያየነውን እንንገራችሁ። አንድ አባት እንደዚሁ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተሠርተው መጡ። ሚስት የላቸውም፤ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። አብረዋቸው ቡና ቤት የሚውሉት ሰዎች ተሰብስበው ደብተር አወጡና ቀኑን ተከፋፈሉት። ጠዋት ሁለት ሰው፣ ከሰዓት ሁለት ሰው፣ ማታ አንድ ሰው ከልጃቸው ጋር። አናጢው ወንበሩን በነጻ ሠራ። ሴቶቹ ምግቡን በቤት ተራ አደረጉት። ማንም ከሳምንት ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አልሠራም። ልጃቸው ሥራውን አላጣም። ዛሬ እኒያ አባት ምርኩዛቸውን ይዘው ያችው ቡና ቤት በር ላይ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ምንም ተአምር የለውም። ደብተርና ተራ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ የምናቀርበው ሐሳብ እነሆ፦

እድሮች ከለቅሶ ዕቃቸው ጎን የሕመምተኛ ዕቃ ይያዙ። በእድር ዕቃ ቤታችን ድንኳን አለ፣ ድስት አለ፣ ወንበር አለ። አንድ የተቦረቦረ ወንበር፣ አንድ ዎከር፣ ሁለት ጥንድ ክራንች፣ አንድ ደህና ስፖንጅ ፍራሽና ላስቲክ ቢጨመር ከአንድ ድንኳን ዋጋ አይበልጥም። በሽተኛው ሲድን ታጥቦ ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ይሆናል።

እድሮች የማስታመም ተራ በደንባቸው ያስገቡ። ለቀብር ያልተገኘ አባል ይቀጣል፤ ለማስታመም ተራው ያልተገኘም ይጠየቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊቱንም ጨምሮ ይሸፈኑ፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት የቀኑ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ መቅዳትና አብሮ መራመድ ነው። ሰው የሚረሳው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን ጊዜ ነውና ደብተሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ጠያቂዎች የአጠያየቅ ልማዳችንን እናስተካክል። አሥር ሰው ባንድ ላይ ጠባብ ቤት አንሙላ፤ ጉንፋን ይዞን አንግባ፤ ቡና አናስፈላ። ስንገባ እጃችንን እንታጠብ። ከስኳሩ ጋር «ምን ልሥራ?» የሚል ጥያቄ ይዘን እንሂድ። አንድ ጀሪካን ውሃ ከአንድ ጠርሙስ ጁስ ይበልጣል።

ተማሪ ልጅ ብቸኛ አስታማሚ እንዳይሆን ብሎኩ ኃላፊነት ይውሰድ። ልጅ ማገዝ አለበት፤ ይህ ምርቃት ነው። ትምህርቱን ትቶ ግን ሌሊት እንዲያድር የሚገደድ ከሆነ አንዱን ስናድን ሌላውን እየጣልን ነው።

ቤተሰቦች ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የሚከተለውን ሳትጠይቁ አትውጡ፦ የተሠራው ምንድን ነው፣ መገጣጠሚያው ተተካ ወይስ በብረት ተያዘ? በዚያ እግር መቆም ይፈቀዳል ወይ፣ ምን ያህል? ለምን ያህል ጊዜ? የትኛው አቀማመጥ ክልክል ነው? መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው? ክሩ መቼ ይወጣል? ቋንቋ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ይጠራልን በሉ፤ አትፈሩ፤ አትሸማቀቁም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከካምፕ የመውጫ ፈቃዱን አስቀድማችሁ አመልክቱ። ራሽን በአሻራ ስለሆነም በሽተኛው መሄድ እንደማይችል ቀደም ብላችሁ ለሚመለከተው አስታውቁና ተወካይ ይመዝገብ፤ ጀርባው የቆሰለ ሰው በቦዳ ቦዳ ተጭኖ ለአሻራ ሲሄድ ማየት የለብንም።

ለሚመለከታቸው

ነገሩን ሁሉ በስደተኛው ትከሻ ላይ ጭነን ዝም ብንል ግን ግዴታችንን አልተወጣንም። የሕክምና አገልግሎት ለሚሰጡ ድርጅቶች የምንለው አለን። ገንዘብ እንደጎደለ እናውቃለን፤ የምንጠይቀውም ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ከቀዶ ጥገና የሚወጣ አዛውንት መመሪያ በሚሰማው ቋንቋ፣ አስታማሚው ባለበት ይነገር። ከካምፑ ውጭ ያለው ሆስፒታል በሽተኛውን ሲያሰናብት በካምፑ ላለው ክሊኒክ ይነገረው፤ አሁን ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚያደርሰው በሽተኛው ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ ጀርባውንና ቁስሉን ይይ። ለእድር ተራ ጠባቂዎች የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጥ፤ እንዴት ይገላበጣል፣ እንዴት ይነሳል፣ እንዴት ይራመዳል። አሥር ሰው በአንድ ብሎክ ከሠለጠነ ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል።

ይህንን ስንጠይቅ ግን እጃችንን አጣጥፈን መልስ አንጠብቅ። ድርጅት ሊሄድ ይችላል፤ በጀት ሊቀነስ ይችላል፤ ጎረቤት ግን እዚሁ ነው። እኛ ስደተኞች ከአገራችን ይዘነው ከመጣነው ሀብት ሁሉ ማንም ያልወሰደብን ይህ መሰብሰባችን ነው። ድንኳን መጣል እናውቃለን፤ ተራ መያዝ እናውቃለን፤ መዋጮ ማውጣት እናውቃለን። የጎደለን ጊዜውን ማስቀደም ብቻ ነው።

ያቺ የልጅ ልጅ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት። ትምህርቷን እንድትቀጥል ጎረቤቶቿ እየረዷት ነው፤ ጥሩ አደረጉ። ለቅሶ ልንደርሳት የሄድን ቀን አንድ ነገር ብላናለች። «ሁላችሁም ደግ ናችሁ» አለችን፤ «ግን ማታ ማታ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር ኖሮ…» ብላ ዝም አለች። እኛም መልስ አልነበረንም።

በየብሎካችሁ ዛሬ አልጋ ላይ ያለ አዛውንት አለ። ይህንን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። «እንዴት አደሩ» ካላችሁ በኋላ አስታማሚውን «አንቺ መቼ ነው የተኛሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ ቀጥሎ የምታደርጉትን ታውቁታላችሁ።

ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎች ብርታቱን ይስጥልን።

ዝግጅት ክፍሉ